የማሽኗ መስተንግዶ

ለሠርጉ እንኳ ያልጠራው ታናሽ ወንድሙ ለልጁ ምርቃት ሲጠራው፣ ቁርስ ሳይቀምስ ሄደ። ወንድሙ በስልኩ የሚያዛት አስተናጋጅ ማሽን ምግብ የሞላ ሳህን ይዛ ፊቱ ቆመች። ታላቅ ነውና እንደ ወጉ "ብላልኝ" ተብሎ መለመን አማረው።

"በልቼ ነው የመጣሁት" አላት።

"እሺ" ብላ ሳህኑን ይዛው ሄደች።

ወንድሙ ከት ብሎ ሳቀ። "አትቀየማት ጋሼ፣ ማሽን አይደለች? የሰው ይሉኝታ የት ይገባታል!"

እሱም ሆዱ እየጮኸ አብሮ ሳቀ። ያን ሁሉ ዓመት የያዘውን ቂም ሊተወው ምንም አልቀረው።

ወዲያው የወንድሙ አለቃ ገቡና አጠገቡ ተቀመጡ። ማሽኗ ለእሳቸውም ሳህን አቀረበች።

"ተይው፣ በልቻለሁ" አሏት።

"ኧረ በሞቴ!" አለች ማሽኗ። "ካልቀመሱልኝማ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"