የዳታው ገመድ

ጋሼ ሌንስ ቤታቸው ውስጥ የሚያናግሩት ሰው የላቸውም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚያወራው ሬዲዮኑ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ለመልስ ጊዜ አይሰጥም። ጠዋት ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ውኃ ሲቀዱ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ቤቱ ሲጨንቃቸው ገና ሰዓቱ ሳይደርስ ወደ ሥራ ይወጣሉ።

ስቱዲዮ ሲገቡ ግን ሰው ይሆናሉ። ዜና አንባቢዋ «ጋሼ፣ ዛሬም አሳምሩኝ» ትላቸዋለች፤ ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት ደግ ቃል ይኸው ነው። ድሮ ካሜራውን በትከሻቸው ተሸክመው ነበር የሚቀርጹት። አሁን ካሜራው ከመስታወቱ ወዲያ ብቻውን ቆሟል፤ እሳቸው ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጠው በሪሞት ያዞሩታል። ሪሞቷ መሪ ያላት ትንሽ ሳጥን ናት፤ ከጀርባዋ ሁለት መሰኪያ አላት። በአንዱ ኤሌክትሪክ ይገባና አረንጓዴ መብራቷ ይበራል። በሌላው፣ ዳታ በሚባለው፣ የእጅ ትእዛዝ ወደ ካሜራው ይሄዳል።

የሚገርመው፣ መሪዋን ስይዝ እጄ ይረጋል ባይ ናቸው። አንድ ሰሞን ምስሉ እየተንቀጠቀጠ አለቃው አጉረምርመው ነበር። አሁን ግን ጋሼ ሌንስ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ያያሉ፤ ምስሉ ንቅንቅ አይልም። «መድኃኒቴ ይቺ ናት» ይላሉ ሳጥኗን እየደባበሱ።

አንድ ሰው ብቻ ጥርሳቸው ውስጥ ገብቷል፤ ቴክኒሻኑ። ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ መቼ ወደ ፊት መቅረብ፣ መቼ ማፈግፈግ እንዳለበት ሳይቀር። አሁን ግን ዓይናቸውን አያይም። ስርጭት ሊጀመር ሲል ከጠረጴዛቸው ሥር ይገባል። ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁት «አቧራ እያራገፍኩ ነው ጋሼ» ይልና ለመጠባበቂያ ከካሜራው ጋር እንደተያያዘ የቀረው የድሮው ሪሞት ወዳለበት ጎን ክፍል ገብቶ በሩን ይዘጋል። ዜናው እስኪያልቅ ብቅ አይልም። ሲያልቅ ደግሞ ተመልሶ ጠረጴዛው ሥር ነው።

ባለፈው ዜናው እንዳለቀ ጎንበስ ብለው ሲያዩት፣ የዳታው ገመድ ጫፍ በእጁ ነበር። የእንጀራ ገመዴን ሊበጥስ እየተለማመደ ነው አሉ በሆዳቸው። አለቃው ደግሞ የእጃቸውን መንቀጥቀጥ አይተው ኖሮ፣ ሰኞ እዚያው ተቀምጠው ሊያዩ፣ ምስሉ ከተንቀጠቀጠም ጡረታ ሊያወጧቸው ቆርጠዋል። ጡረታ ማለት ለጋሼ ሌንስ ከሬዲዮኑ ጋር መቅረት ነው።

ሰኞ ከሁሉም ቀድመው ገቡ። ሁለቱንም ገመዶች ጥብቅ አድርገው ሰኩ፤ ወንበራቸውን አስጠግተው በእግራቸው ከለሏቸው። አለቃው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ቴክኒሻኑም እንደ ልማዱ መጣ።

«ጋሼ፣ ሳጥኗን አንዴ ልያት።»

«ዛሬ አትነካትም።»

«እባክዎ ጋሼ።» ላብ አጥምቆታል።

«እንደ ልጄ አስተምሬህ?» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቴክኒሻኑ አለቃውን በጎን አየ። በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

ዜናው ተጀመረ። የአንባቢዋ ፊት ወደ ግራ ሸሸ፣ ተመለሰ፣ ግንባሯ ተቆረጠ። ምስሉ ወንፊት ላይ እንዳለ ጥሬ ይዘል ጀመር። ጋሼ ሌንስ መሪዋን ጠበቅ አድርገው ያዟት፤ ይብሱን ባሰ። ዞረው ቴክኒሻኑን አዩት። ሁለቱም እጆቹ ባዶ ናቸው። ከኋላቸው የአለቃው ወንበር ተንቋቋ።

ቴክኒሻኑ አንድ ነገር የወደቀበት መስሎ ተንበረከከ፤ በእግራቸው መሃል እጁን ሰዶ የዳታውን ገመድ ነቀለ። ምስሉ ባለበት ቆመ።

«እጅዎን ከመሪዋ አያንሱ» አላቸው በጆሯቸው። ከዚያ ወደ ጎን ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ።

ጋሼ ሌንስ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው መሪዋን እንደያዙ፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ዞረና የአንባቢዋን ፊት መሃል ላይ አስቀመጠ።