የተሰረዘው ትእዛዝ

«ቁስለኞቹን ትታችሁ ውረዱ» የሚለውን መስመር ዳይሬክተሯ ከፊልሙ ጽሑፍ ላይ በእስክሪብቶ ሰረዘችው። እንጦጦ ላይ፣ ከራጉኤል በታች ባለው ባሕር ዛፍ ሥር፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ ተዋንያን ቃሬዛ ላይ ተኝተው ብስኩት ይበሉ ነበር። መስመሩን ለፊልሙ የሰጣት የቀድሞው የጦር ሬዲዮ ሠራተኛ፣ አጠገቧ የቆመው ሽማግሌ ነው። የዛሬ አርባ ዓመት በሰሜን ግንባር ያንን ትእዛዝ ከአዛዡ ከሻለቃው ተቀብሎ አስተላልፏል፤ አሥራ አንድ ቁስለኞችም ተራራው ላይ ቀርተዋል።

«ይቅርታ አባባ፣ ተመልካች አያምነኝም» አለችው። «የትኛው አዛዥ ነው እንዲህ የሚለው? ቢልስ ማን እሺ ይለዋል?»

ሽማግሌው የፊልሙ አማካሪ ሆነው ታጣፊ ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ወደ ሻለቃው ዞረ። «እርስዎ ይንገሯት እንጂ፣ ሻለቃ።»

ሻለቃው መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉ። «እኔ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰጥቼ አላውቅም፣ ልጄ። የሬዲዮው ሰው ፈርቶ ከራሱ ተናግሮት ይሆናል።»

ተዋንያኑ ማኘካቸውን አቆሙ። የሽማግሌው ጆሮ ጋለ። እነዚያን አሥራ አንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ዘመን እሱና ሻለቃው ለሁለት የተሸከሟቸው ይመስለው ነበር። ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ወታደር!» አሉ ሻለቃው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ከእኔ የሰማኸው ትእዛዝ አለ?»

የሽማግሌው ተረከዞች ሳያስበው ገጠሙ፤ እጆቹ ከጭኖቹ ጎን ተለጠፉ።

«የለም፣ ጓድ ሻለቃ!» አለ።