ላልቶ ወይስ ጠብቆ

በምርጫው ሰሞን የቡሬ ግድግዳ ሁሉ ወረቀት ለበሰ። ጦርነቱ በከተማው ዙሪያ ዳር ዳር ይላል፤ መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል። ዘይትና ስኳር ይጠፋል፤ የቅስቀሳ ወረቀትና ሙጫ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ከተለጠፈው ሁሉ ጎልቶ የሚታየው የእጩው የአቶ ክንፈሚካኤል ነበር። ሰማያዊ ክራባት አስረው ፈገግ ብለዋል፤ ከሥራቸው በደማቅ ቀይ እንዲህ ይላል፦

«እኛን ምረጡ! ሕዝብ ይበላል!»

አቶ ክንፈሚካኤል ያልተቀመጡበት የሹመት ወንበር የለም። የሚወዳቸውም የሚጠላቸውም በአንድ ነገር ይስማማል፤ ሰውዬው ዋሽተው አያውቁም። ለፖለቲካ ሰው ይህ ጤና ነው ወይስ በሽታ የሚለው እስካሁን አልተለየም። መፈክሩን በገዛ እጃቸው ጽፈው ወደ ማተሚያ ቤት ሲልኩ፣ አንድ ፊደል እንዳይነካባቸው አስጠንቅቀዋል።

ያተመው ያህያ ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ቤት የሠርግ ጥሪ፣ የመስጊድ ማስታወቂያ፣ የሰንበቴ ደረሰኝ፣ ብቻ የመጣለትን ሁሉ ያትማል። የመጀመሪያው ወረቀት ከማሽኑ ሲወጣ ወደ ብርሃን አቀረበና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ምን እንደነካው እንጃ፣ አጥብቆ አነበበው። «በ»ን ረገጠ፤ «ላ»ንም ረገጠ። የቅኔ መምህሩ የኔታ ገብረሰንበት የአጽዋማት ሰሌዳ ሊያሳትሙ መጥተው አጠገቡ ቆመዋል። እሳቸውም ሳቁ።

ጥፋቱ ይኸው ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። ያ ቃል ላልቶ ሲነበብ ሕዝብ ጠግቦ ያድራል፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ሕዝቡ ራሱ ምሳ ይሆናል።

በማግስቱ ገበያ ነበር። የባጃጅ ነጂዎቹ አጥብቀው አነበቡ። እህል ተራም አጥብቆ አነበበ። ከሽንዲ ጤፍ ጭኖ የመጣ አንድ ገበሬ ልጁን አስነብቦ ከሰማ በኋላ፣ «መበላታችንንስ እናውቅ ነበር፤ አስቀድሞ የነገረን ሰው ነው የጠፋው!» ብሎ ገበያውን በሳቅ አፈረሰው።

የቅስቀሳው ኃላፊ ሐብቴ አልሳቀም።

«በጦርነት ጊዜ ማጥበቅ ከመተኮስ አይተናነስም» አለ።

ያህያ ተያዘ፤ ቤቱም ታሸገ። የኔታ ከጉባኤያቸው ተጠርተው መጡ። ክሱ «መፈክር አጥብቆ ማንበብና ማስነበብ» የሚል ነበር። በዚያ ሰሞን እንዲህ ባለ ነገር የተጠረጠረ ሰው በመኪና ተጭኖ ወደማይታወቅ ካምፕ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ ለቤተሰቡ የሚነግር የለም። የያህያ ሚስት ሁስና ምሳ ይዛለት ሄደች።

«ከነገሩ ጦም እደሩ ስልህ ነበር» አለችው እያለቀሰች። «የሠርግ ካርዱ ምን አነሰህ?»

ያህያ ምሳውን አልነካውም።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው በአዳራሹ ተሰበሰበ። አቶ ክንፈሚካኤል ከፊት ተቀመጡ። ሁለቱ ተጠርጣሪዎች በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ቃሉን ብንለውጠውስ?» አለ አንድ የኮሚቴ አባል። «ሕዝብ ይጠግባል እንበል።»

«የጠገበ ሕዝብ ይሸፍታል» አለ ሐብቴ። «አሁንስ ያስቸገረን ማን ሆነና?»

«ሕዝብ ይጎርሳል ቢባልስ?»

«የሚጎርስማ ጠመንጃ ነው!»

«እኔ የምለውጠው የለኝም» አሉ አቶ ክንፈሚካኤል፣ ቅር እንዳላቸው። «ዕድሜ ልኬን በሹመት ያየሁትን ነው በሁለት ቃል ያስቀመጥኩት። ገበያው ምን እንዳሳቀው ነው ያልገባኝ።»

«ጠላት ነው ያጣመመብዎ ጌታዬ» አለ ሐብቴ። ወዲያው ወደ በሩ ዞረ። «የኔታ! ይህን ቅኔ የዘረፉት እርስዎ ነዎት እየተባለ ነው።»

የኔታ ሲያዙ አልተቆጡም፤ አሁን ግን ተቆጡ።

«ምን? ይህ ነው እንዴ ቅኔ? እንዲያው በሞቴ፣ ትናንት ጉባኤ የገባ ተማሪ ይህን ይዞ ቢመጣብኝ መቋሚያዬን ላነሣበት አይደል!»

«ታዲያ በምን እንለየው?»

«ሊቃውንት መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ይጥላሉ። የሚላላውን ባዶውን ይተዉታል» አሉ የኔታ። «የቃሉ ባለቤት ይኸው ተቀምጠዋል። እንዳሰቡት አድርገው ይፈርሙ። ባዶውን ከተዉት ላልቷል ማለት ነው፤ ያጠበቅነው እኛም እንጠየቅበት።»

ያህያ ደነገጠ። ሽማግሌው ራሳቸውንም እሱንም በአንድ ገመድ አስገብተው ሸመቀቁበት። «ኧረ የኔታ፣ ምን አደረግኩዎ?» አላቸው በሹክሹክታ። የኔታ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ሐብቴ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ እስክሪብቶ አቀረበ፤ ውጭ ያለው መኪና ሞተሩን እንዲያስነሣ በዘበኛው በኩል አዘዘ። ያህያ የሞተሩን ድምፅ ሰማ። ሁስና ግቢው በር ላይ ምሳ ዕቃውን ታቅፋ እንደቆመች ያውቃል። ዓይኑን ጨፍኖ ነገሩን ለአላህ ሰጠ።

አቶ ክንፈሚካኤል መነጽራቸውን አደረጉ፤ «ለዚህች ለዚህች ሰው ማንገላታት ምን ያስፈልግ ነበር?» አሉና፣ በ«በ» ራስ ላይ ሁለት ነጥብ፣ በ«ላ» ራስ ላይም ሁለት ነጥብ ጥለው ፈረሙ።