የእትዬ ደሪቱ አዲስ ድስት

"እኔ መኪናዋን ልጠብ... እናንተ ብሉ!"

አብዱልጀባር ይህን ብሎ ባልዲውን አንጠልጥሎ ወደ ምንጩ ወረደ።

ውሸቱን ነው። ሚኒባሷ ጠዋት ቦሌ ላይ ታጥባ፣ እያብረቀረቀች ነው የመጣችው...

ጊዜው 1987 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ካለፈ ሳምንቱ። ቦታው መናገሻ ሱባ ጫካ።

የቦሌ መድኃኔዓለም ጎረቤቶቹ ለሽርሽር ሲወጡ "ሹፌራችን አንተ ነህ" ብለውት ነው ይዟቸው የመጣው።

ከወሎ መጥቶ እዚያ ሰፈር ቤት ከተከራየ ገና ሦስት ወሩ ነው። ባዳነቱ አልለቀው ብሎ፣ ጠዋት ሚስቱን ዘኪያን "የዛሬውን ልየው... ካልቀረቡን ለቀን ደሴ እንመለሳለን" ብሏታል።

ዘኪያ ትንሽ ልጅ ስላላት ቀርታለች። እየሳቀች ሁለት ዳቦ ጠቀለለችለት።

ዳቦው ለምን? በፋሲካ ሰሞን የክርስቲያን አገልግል ውስጥ ምን እንደሚኖር ይታወቃላ! ዶሮ... በግ...

እሱ ደግሞ ሙስሊም ነው፣ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። "አልበላም" ብሎ ሰው ከማስቀየም ዞር ማለት ይሻላል አለ።

ምንጩ ዳር፣ ትልቅ ጽድ ሥር ቁጭ አለ። ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። አየሩ ደስ ይላል... ዳቦው ግን አልወርድ አለው።

ቀና ብሎ አየ። ሰዉ አገልግሉን ከቦ ተቀምጧል... ማንም ግን አይበላም!

"ይሄኔ እያሙኝ ነው" አለ በሆዱ። ከፋው። የእውነት ከፋው።

ግማሽ ሰዓት አለፈ...

የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ መገርሳ ከዘራቸውን ይዘው እየተቆጡ ወረዱ።

"አንተ ሰውዬ! ልጆቹን በረሃብ ልትፈጃቸው ነው? አንተን እየጠበቅን እኮ ነው!"

"ኧረ ጋሽ መገርሳ... እኔ እኮ ያው... ሥጋ..."

"ማነው ሥጋ ያለህ? ካኢ! ተነስ!"

እጁን ይዘው ወሰዱት። ባለቤታቸው እትዬ ደሪቱ አገልግሉን ከፈቱ...

ምስር። ጎመን። ሽሮ። ቲማቲም ፍትፍት።

አንዲት ቁራጭ ሥጋ የለችም!

አብዱልጀባር ደነገጠ። "እትዬ ደሪቱ... ሃምሳ አምስት ቀን ጾማችሁ፣ በፈታችሁ በሳምንቱ ምስር?"

"አንድ ቀን ብንጨምርበት አንሞት! ድስቱም ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ከዘኪያ ጋር ሄደን ነው አዲስ የገዛነው።"

የልጅ ልጃቸው ኢሊሊ ግን አልቻለችም። "እኔ እንኳ ዶሮ አምሮኝ ነበር..." ስትል ሁሉም በሳቅ ፈረሰ።

እትዬ ደሪቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሱ አጎረሱት።

"በርበሬው ነው" አለ ዓይኑን እየጠረገ። ማንም አላመነውም።

ደሴ መመለስ? ማን አስታውሶት!

ጥቂት ቀን ቆይቶ አረፋ ደረሰ። እነ አብዱልጀባር ቤት በግ ታረደ...

ዘኪያ ግን አስቀድማ ገበያ ወጥታ ነበር። አዲስ ድስት ገዝታ ተመለሰች።

ለእነ እትዬ ደሪቱ ምስር የሠራችበት ድስት!

ወዳጆቼ... ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። "አልፈለጉኝም" ብላችሁ ከመራቃችሁ በፊት ዞር ብላችሁ እዩ። ምግቡ እየቀዘቀዘባቸው እናንተን እየጠበቁ ሊሆን ይችላል።

እስቲ ንገሩኝ... ለእናንተ ሲል ያማረውን የተወ ጎረቤት ማነው? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉት፣ እናመስግነው።