ጥርስ ውስጥ መግባት

የልብስ ሰፊዋ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ዓመት ሆነባት። በጨው ውሃ ብትጉመጠመጥ፣ ጉንጯ ላይ በረዶ ብትይዝ፣ ወይ ፍንክች! ሕመሙ ናላዋን አዞረው።

ታናሽ እህቷ ቅርንፉድ ይዛላት መጣች።

“እትዬ፣ አፍሽን ክፈቺ። እንዳትነክሺኝ ብቻ!”

ልብስ ሰፊዋ መስታወቱ ፊት ቁጭ ብላ አፏን በሰፊው ከፈተች። እህቷ ቅርንፉዱን በጣቷ ወደ ታመመው መንጋጋ አስገባችና፣ “ዛሬስ የምር ጥርስሽ ውስጥ ገባሁ!” ብላ ሳቀች።

ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

“ኧረ እትዬ፣ ቀልዱን ተይና ጣቴን ልቀቂኝ።”

ልብስ ሰፊዋ “አልነከስኩሽም” ልትል ፈለገች። በመስታወቱ ውስጥ አፏ አሁንም እንደተከፈተ ነው፤ የላይና የታች ጥርሶቿ አልተነካኩም።

“እትዬ፣ እየጎተትሽኝ ነው እኮ!”

ያኔ ሕመሙ ለቀቃት።