አውራው አሳ ሲሞት

«ትልቁን! ሐምራዊውን! እሱን ነው የምንወስደው!»

አጎትየው ጣቱን መስታወቱ ላይ ቀስሮ ይጮሃል...

«ጋሼ፣ እሱ እኮ አይበላም» አለችው የወንድሙ ልጅ።

«ወንድ ልጅ ኩሩ ነው! ሰው ፊት አይበላም!»

የአሳ አስመጪው መጋዘን በሳቅ ተናጋ። ባልዲ ይዤ የቆምኩት እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

እሷ ግን ፈገግ እንኳን አላለችም...

ነገሩ እንዲህ ነው።

አባቷ የጌጥ አሳ ሱቅ አላቸው። እኔ እዚያ ውሃ ተሸካሚ ነኝ። አባትየው ታመው አልጋ ያዙ።

አጎትየው «ሱቁ ይሸጥ» አለ።

እሷ «እኔ እሰራዋለሁ» አለች።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል!» ብሎ ተረተባት።

በዚህ መሃል ሁላችን እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት መጡ። ሳሎናቸው ውስጥ ግድግዳ የሚያክል የጨው ውሃ አኳሪየም አላቸው... ሟች ባላቸው ያሳደጓቸው አሳዎች አሉበት።

«አንቲያስ የሚባሉትን ፈልጌ ነበር፣ በመንጋ የሚዋኙትን። ግን ልጄ፣ አደራ... በሽታ ይዘውብኝ እንዳይገቡ። የሱ አሳዎች ካለቁ እኔም አለቅኩ» አሉ።

አጎትየው ሁላችንም ፊት አፉን ሞልቶ ተናገረ።

«እትዬ በስራዋ ከረኩ ሱቁ የሷ ነው። ካልረኩ ይሸጣል። በቃ!»

መጋዘኑ ውስጥ ሳቅ ያልመጣላት ለዚህ ነው።

አስመጪውን «እስቲ ምግብ ጣል አድርግላቸው» አለችው።

ሮጠው የበሉትን ለየች። ሆዳቸው የጎደጎደውን ተወች። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱትንም ተወች... ስድስት ብርቱካናማ ሴቶች መረጠች።

«አውራ ከሌለው ምኑን መንጋ ሆነ!» ብሎ አጎትየው ያንን ኩሩ ሐምራዊ ወንድ በግድ አስጨመረ።

ታላቅ ነው... ምን ትበለው?

ሱቅ ስንደርስ ወደ እትዬ ቤት አልላከቻቸውም። ጓዳ ያለው ባዶ ገንዳ ውስጥ ከተተቻቸው። አሸዋ የለ፣ ድንጋይ የለ... መደበቂያ እንዲሆናቸው የፕላስቲክ ቧንቧ ቁርጥራጭ ብቻ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? እስር ቤት?»

«ለይቶ ማቆያ ነው ጋሼ። በሽታ ካለባቸው እዚሁ ይውጣ።»

«ለአሳ ሆስፒታል! ኧረ ሲስተር!»

ከዚያ ወዲህ ስሟ ሲስተር ሆኖ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ብቅ ይልና «ሲስተር፣ በሽተኞችሽ እንዴት አደሩ?» ይላታል።

እሷ እቴ... ስራዋን ትሰራለች።

አንቲያስ እንደ ጨቅላ ህፃን ነው፣ አንዴ አጥግበኸው አትሄድም። ትንሽ ትንሽ እያደረገች ቀኑን ሙሉ ታበላለች። የማቆያው መረብ ለብቻ፣ ባልዲው ለብቻ። መረቡን ለሌላ ገንዳ ላነሳ ስል «እጅህን!» ያለችኝ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ኩሩው ግን እንደኮራ ቀረ...

ክንፉ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣበት። ወዲያው መድሃኒት ጀመረች። የማይበላ ግን ምን አቅም አለው? አንድ ጠዋት ተገልብጦ አገኘነው።

አጎትየው አጨበጨበ።

«አላልኩም? አውራው ሞተ፣ ቤቱ ፈረሰ! ሴቶቹም ይከተሉታል። እኔ ገዢ ልፈልግ።»

ዓይኗን ከገንዳው ሳታነሳ መለሰችለት።

«እዚህ ባይሞት የእትዬ ሳሎን ውስጥ ነበር የሚሞተው። ያሉትን ሁሉ ይዞ።»

እሱ ግን ወጥቶ ሄደ... ወደ ጓዳውም ብቅ ማለት ተወ።

ሳምንታት አለፉ።

እትዬ አሳዎቻቸውን ሊያዩ መጡ። አጎትየውም ጉዷን ሊያይ ደረቱን ነፍቶ ተከተላቸው።

ልጅቷ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠችላቸው...

ብርቱካናማዎቹ እንደ ፍም ይንቦገቦጋሉ። አንድ ነጠብጣብ የለባቸውም። ከፊታቸው ደግሞ... ሐምራዊ፣ ከጀርባው ላይ እንደ አንቴና የተመዘዘ ክንፍ ያለው ግርማ ሞገሳም አውራ!

አጎትየው ጮኸ።

«አጭበርባሪ! ተደብቀሽ ሌላ ወንድ ገዛሽ!»

«አልገዛሁም።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደ?»

«ጋሼ፣ ስንት ሴት ነበር ያመጣነው?»

«ስድስት!»

«አሁንስ ስንት ናቸው?»

ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ...

«አምስት። አንዷስ የት ሄደች?»

«እቻትና! ከፊት ያለችው!»

አጎትየው አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጠፈ።

«እነዚህ አሳዎች አውራቸው ሲሞት ከሴቶቹ መሃል ብርቱዋ ትነሳለች ጋሼ። ቀለሟ ይቀየራል፣ ወንድ ትሆናለች... መንጋውን ትመራለች።»

እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ በሳቅ ፈነዱ።

«ታዲያ አንቺስ ልጄ፣ ልትቀየሪ ነው?»

«እኔማ ምን በወጣኝ እትዬ! እንዲሁ እንዳለሁ እመራዋለሁ!»

«እሰይ የኔ አንበሳ!» ብለው አቀፏት። ወደ አጎትየውም ዞሩ። «ረክቻለሁ፣ ከልቤ። ቃልህን ሰው ፊት ነው የሰጠኸው አይደል?»

አጎትየው አንገቱን አከከ። መሬት መሬት አየ...

ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ባልዲው የታለ? እትዬ ቤት ድረስ እኔ እሸከምላታለሁ።»

ቤተሰቦቼ፣ ይሄን ስራ ከጀመርኩ ወዲህ ባዶ እጄን የሄድኩት ያን ቀን ነው... ሰውየው ከፊት ከፊት ወገቡን ይዞ ሲያቃስት እኔ እያፏጨሁ!

ዛሬ ሱቁ የሷ ነው። የእትዬ ባል አሳዎችም አንድ ሳይጎድል ከአዲሶቹ ጋር ይዋኛሉ።

ትምህርቱ ምን መሰላችሁ?

መልኩ ያማረ ሁሉ ጤነኛ አይደለም... ወደ ቤታችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት።

የቤት አውራ ሲወድቅ ደግሞ መሪ ፍለጋ ውጭ ውጭ አትዩ። ምናልባት እዚያው ጓዳችሁ ውስጥ፣ በቅፅል ስም እየጠራችሁ የምትስቁባት ልጅ ትሆናለች።

እናንተስ ቤት... አባት ወይ እናት አልጋ ሲይዙ ማንም ሳይጠብቅ ብድግ ያለው ማን ነበር? እህት? ታናሽ? ኮሜንት ላይ ንገሩን፣ ዛሬ እነሱን እናመስግናቸው።