የቧንቧው ቁመት

ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ከመታጠቢያ ቤቱ ተሰማ፤ የውኃ መሥመር ተቆጣጣሪው አዲሱን ቧንቧ እየመታ ይፈትሻል። ባልየው ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃል። በተሽከርካሪ ወንበር ለምትሄደው ሚስቱ በሩን አስፍቶ፣ ቧንቧውን ዝቅ አድርጎ ሊያድስላት ቃል ገብቶ ነበር። የእድሳት ፈቃዱ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖ፣ እሷ በተቀበረች በሳምንቱ ደረሰ። ቃሉን ላለማጠፍ ሲል ብቻ ሠርቶ ጨረሰ።

“እጅዎ ይደርሳል፣ እትዬ?” አለ ተቆጣጣሪው ከውስጥ። መልስ እንደሰማ ሁሉ ሳቀ። “እውነትዎን ነው።”

ወጥቶ የፍተሻ ወረቀቱን ሳይፈርም መለሰለት።

“አንድ ስንዝር ዝቅ ይበልልኝ ብለዋል። ‘አያልቅበት ሁልጊዜ በራሱ ቁመት ነው የሚለካው’ አሉ።”

ባልየውን ‘አያልቅበት’ ብላ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

“ወንድሜ፣ ሚስቴ እኮ ሞታለች” አለ ባልየው።

ተቆጣጣሪው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ዞሮ አየ። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳና ደረጃውን ወረደ።